ዘመናዊነት ወይስ ክርስትና? ስለ እውነታ፣ ስለ ዕውቀትና ስለ እሴት ሁለት የዓለም አተያዮችን ለሚመዝኑ የድሬዳዋ አንባቢዎች

በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 ቀን ሲቃረብ ድሬዳዋ በቁልቢ ተጓዦች ትሞላለች። በዓሉ አልፎ እንግዳው ሲሸኝ ደግሞ በብዙ ቤት አንድ ዓይነት ክርክር ይነሣል። እናት ትንሹ ልጇ ከሕመሙ የተነሣው በስለቷ እንደ ሆነ ትናገራለች፤ ዩኒቨርሲቲ የገባው ታላቅየው ግን ወንድሙን ያዳነው ሐኪሙ ያዘዘው መድኃኒት ነው ብሎ ይሟገታል። ክርክሩ ስለ አንድ ሕፃን ይምሰል እንጂ ከሥሩ ሦስት ጥያቄዎች አሉበት። በእርግጥ ያለው ነገር ምንድን ነው? ያንንስ የምናውቀው በምንድን ነው? መልካምና ክፉ የሚለየውስ በማን መስፈርት ነው?

ይህ መመሪያ ለሦስቱ ጥያቄዎች ሁለት የዓለም አተያዮች የሚሰጡትን መልስ ጎን ለጎን ያስቀምጣል። ዘመናዊነት ስል አለባበስን፣ ስልክን ወይም የከተማ ኑሮን ማለቴ አይደለም፤ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በአውሮፓ ያደገውን፣ የሰው አእምሮ ያለ መለኮታዊ መገለጥ እርዳታ ዓለምን መረዳትና ኑሮን ማቅናት ይችላል የሚለውን አስተሳሰብ ማለቴ ነው። ክርስትና ስል ደግሞ ኦርቶዶክሱ፣ ካቶሊኩና ፕሮቴስታንቱ የሚጋሩትን መሠረት ነው፤ በሚለያዩበት ቦታ እጠቁማለሁ። እኔ ራሴ ክርስቲያን ነኝ፤ ሚዛኔ ወዴት ሊያጋድል እንደሚችል አንባቢ ከወዲሁ ማወቅ አለበት። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ስለ ፈጣሪና ስለ መገለጥ በሚነሣው ብዙ ነጥብ ከክርስትናው ወገን የሚቆሙ ቢሆኑም፣ መልሳቸውን በራሳቸው አንደበት መስጠት ስለሚገባቸው እዚህ አልገባበትም።

በምን እንመዝን?

ከመምረጥ በፊት መመዘኛውን መወሰን ያሻል፤ አለዚያ ሰው አስቀድሞ የወደደውን መርጦ ምክንያቱን ኋላ ይፈልግለታል። እኔ የምጠቀመው በአራት መመዘኛ ነው። የመጀመሪያው አተያዩ ከራሱ ጋር ይስማማል ወይስ የተቀመጠበትን ቅርንጫፍ ይቆርጣል የሚለው ነው። ሁለተኛው በዓይናችን የምናየውን ሁሉ፣ ድንጋዩንም ሕሊናውንም፣ ሳይሸሽግ ያስረዳል ወይ የሚል ነው። ሦስተኛው፣ ለእኔ ከሁሉ የሚከብደው፣ በክፉ ቀን ማለትም መድኃኒቱም ስለቱም ሳይሠራ ሲቀር ሊኖሩበት ይቻላል ወይ የሚለው ነው። የመጨረሻው ዋጋው ነው፤ አተያዩን የያዘ ሰው በጊዜ፣ በነፃነትና በማኅበራዊ ኑሮ ምን ይከፍላል?

ብዙ ሰው የሚወደውን አንድ መመዘኛ ሆን ብዬ ትቼዋለሁ። ይኸውም «የማን ተከታዮች የተሻሉ ሰዎች ሆኑ?» የሚለው ነው። በዚህ ሚዛን ሁለቱም ወገኖች የሚያፍሩበት ታሪክ ስላላቸው ክርክሩ የበደል ቆጠራ ይሆንና ያልቃል።

ስለ እውነታ

በ1998 ዓ.ም. ክረምት አንድ ሌሊት፣ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ብቻ የሚታይበት የደቻቱ ወንዝ በድንገት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ወሰደ፤ ሺዎችን ያለ መጠለያ አስቀረ። በእነዚያ ቀናት በከተማዋ ውስጥ የነበረ ሰው ስለ እውነታ የሚደረግን ክርክር እንደ ተራ የቃላት ጨዋታ ሊያየው አይችልም።

ዘመናዊው አተያይ ለዚያ ሌሊት ጥርት ያለ ማብራሪያ አለው። ከከተማዋ በላይ ባለው ደጋ ከባድ ዝናብ ጣለ፤ ዛፍ የተመነጠረበት ተዳፋት ውኃውን ሊይዘው አልቻለም፤ ከታች ደግሞ ሰው በወንዙ ዳርና አፍ ላይ ሠፍሮ ይነግድ ነበር። ውኃው አልተቆጣም፣ ማንንም አልቀጣም፤ ያለው ቁስ አካልና የሚመራበት ሕግ ብቻ ነው። ይህ ማብራሪያ ሥራ ይሰጣል፤ የጎርፍ መከላከያ ግንብ ገንባ፣ ተራራውን አልብስ፣ ማስጠንቀቂያ ዘርጋ፣ ሰውን ከወንዙ አፍ አንሣ ይላል። ልጇን ላጣች እናትም ቢያንስ «በኃጢአትሽ ነው» አይላትም። ይህን ቀላል ነገር አድርጎ ማየት አይገባም።

ይሁን እንጂ ሁሉም ዘመናዊ አሳቢ እስከዚህ ድረስ አልሄደም። ኒውተን በፈጣሪ ያምን ነበር፤ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበሩ ብዙዎችም ዓለምን እንደ ሰዓት ሠርቶ የተዋት አምላክ አለ ይሉ ነበር። ከቁስ በቀር ምንም የለም የሚለው ጽኑ ወገን ጉልበት ያገኘው ኋላ ነው። ወደ እኛ አገር በስፋት የደረሰውም በሶሻሊዝም በኩል ነበር፤ በ1967 ዓ.ም. ሶሻሊዝም ከታወጀ ወዲህ በየውይይት ክበቡ «ቁስ አካል ቀዳሚ ነው» የሚለውን ትምህርት የተከታተሉ አባቶችና እናቶች ዛሬም ብዙዎች ናቸው። በዚህ ጽኑ መልክ ሲያዝ ግን አንድ የሚጎድል ነገር አለ። «ለምን የእኔ ልጅ?» የሚለው ጩኸት መልስ የሚጠብቅ ጥያቄ መሆኑ ይቀርና የነርቭ ሕዋሳት ሥራ ብቻ ይሆናል። ደቻቱ ዳር ቆሞ ይህን ለመናገር የሚደፍር ሰው ገና አላጋጠመኝም።

ክርስትና ዓለሙ እውነተኛና መልካም ፍጥረት ነው፣ የመጨረሻው እውነታ ግን ፈጣሪው ነው ይላል። ዝናብ የራሱ የተፈጥሮ ምክንያት ቢኖረው እግዚአብሔርን ከዙፋኑ አያወርደውም፤ እርሱ ከዝናብ ጋር የሚሽቀዳደም ተጨማሪ ምክንያት አይደለምና። በዚህ በኩል ክርስትና ሰፊ ነው፤ የተዳፋቱን ማብራሪያም የእናቲቱን ጩኸትም ይይዛል። የሚከብደው ሌላ ቦታ ነው። ውኃውን መያዝ የሚችል አምላክ ለምን አልያዘውም? እ.ኤ.አ. በ1755 በሊዝበን የመሬት መንቀጥቀጡ የደረሰው በቅዱሳን ሁሉ በዓል ጠዋት ነበር፤ አብያተ ክርስቲያናቱ በምእመናን ላይ ፈረሱ፤ የአውሮፓም አሳቢዎች ይህንኑ ጥያቄ አንሥተው ለዓመታት ተከራከሩ። እኛ ዘንድ ሐዘንተኛን ለማጽናናት «ሲጣላ ሳይደግስ አይጣላም» ይባላል፤ ልጅ ለተወሰደባት እናት ግን ይህ ተረት ባይነገራት እመርጣለሁ።

ጎርፉ የከተማዋ ኃጢአት ቅጣት ነው ለሚል ሰባኪ መልሱ በራሱ መጽሐፍ ውስጥ አለ። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ላይ በሰሊሆም ግንብ ወድቆ 18 ሰዎችን እንደ ገደለ ተነግሯል፤ ክርስቶስም የሞቱት ከሌሎቹ የኢየሩሳሌም ሰዎች ይልቅ በደለኞች እንዳልነበሩ ተናግሯል። ቃሉ ለምን እንደ ሞቱ አይነግረንም፤ አንድን የተሳሳተ መልስ ግን ይዘጋል። ስለዚህ የተዳፋቱን ማብራሪያ የሚጠላ ክርስቲያን ከሌላው የበለጠ አማኝ አይደለም፤ የውኃ ምሕንድስና አምላክ እንደሌለ አረጋግጧል የሚል ምሁርም ከሙያው ድንበር ወጥቷል።

ስለ ዕውቀት

ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዴካርት እ.ኤ.አ. በ1637 ባሳተመው ድርሳን፣ በዘመናት ውስጥ በብዙ እጅ የተሠሩ ጠማማ ከተሞችን አንድ መሐንዲስ በሜዳ ላይ ቀይሶ ካወጣው ከተማ ጋር ያነጻጽርና የኋለኛውን ይመርጣል። በዚህ ክፍል አንባቢ የትም ሳይሄድ ከተማውን መመልከት ይበቃዋል። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 ከደረሰ በኋላ በመሐንዲሶች የተቀየሰው ከዚራ፣ ቀጥ ባሉ መንገዶቹ፣ ዴካርት የተመኘው ዓይነት ሰፈር ነው። ከደቻቱ ማዶ ያለው መጋላ፣ ይልቁንም ሐረር ላይ በአምስት ጥንታዊ በሮች የሚታወቀው ጀጎል፣ ማንም በአንድ ቀን ያልነደፈው፣ ትውልድ በትውልድ ላይ የጨመረበት ነው። (ጀጎል የእስልምና ከተማ መሆኑን አልዘነጋሁም፤ የማነሣው ለትውፊት ምሳሌ እንዲሆን ብቻ ነው።)

ዘመናዊው የዕውቀት መንገድ የከዚራ መንገድ ነው። የተወረሰውን ሁሉ ጠርጥር፣ ሊጠረጠር ከማይችለው ጀምር፣ በአመክንዮና በሙከራ ደረጃ በደረጃ ገንባ ይላል። ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት እ.ኤ.አ. በ1784 የዘመኑን መንፈስ «ለማወቅ ድፈር» በሚል ቃል ገለጸው። ፍሬውን ለመቁጠር ጊዜ ማጥፋት አያስፈልግም፤ ክትባት ያስከተበ ወላጅ ሁሉ ምስክር ነው። ችግሩ መንገዱ ብቸኛው ነኝ ሲል ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በቪየና የተሰባሰቡ ፈላስፎች፣ በስሜት ሕዋሳት ሊረጋገጥ ወይም በአመክንዮ ብቻ እውነት ሊሆን የማይችል ዐረፍተ ነገር ትርጉም የለውም ብለው ነበር፤ ይህ ዐረፍተ ነገር ራሱ ግን ከሁለቱ በአንዱም ሊረጋገጥ አይችልም። የመጀመሪያው መመዘኛችን እዚህ ላይ ይይዛቸዋል። ዴካርት ራሱም ቢሆን፣ ጠርቶ የታየው ነገር እውነት መሆኑን ለማረጋገጥ ወደ እግዚአብሔር መመለስ ግድ ሆኖበታል።

የክርስትናው መንገድ ወደ ጀጎል ይቀርባል። ሰው አስቀድሞ ይቀበላል፣ ከዚያ ይመረምራል። በአንድምታ ትርጓሜ ቤት የሚማር ደቀ መዝሙር ለአንድ ጥቅስ «አንድም» እየተባለ የሚደረደሩለትን ፍቺዎች ተቀምጦ በቃሉ ይይዛል፤ አንዱ ፍቺ ሌላውን አያባርረውም፤ ተማሪውም የራሱን የሚናገርበት ጊዜ የሚመጣው ከረጅም ዓመታት በኋላ ነው። ለዘመናዊ ተማሪ ይህ ጊዜ ማባከን ይመስለዋል። ነገር ግን እናቱን፣ ቋንቋውንና አብዛኛውን የሳይንስ ትምህርቱን ሳይቀር ያወቀው አምኖ በመቀበል እንጂ ሁሉን ራሱ ሞክሮ እንዳልሆነ ቢያስብ ንቀቱ ይቀንስለት ይሆናል።

በዚህ ነጥብ ክርስቲያኖች አንድ አይደሉም። ኦርቶዶክሱ መጽሐፍንና ትውፊትን አይለያይም፤ ካቶሊኩ በዚህ ላይ የተፈጥሮ አእምሮ ብቻውን የፈጣሪን መኖር ማወቅ እንደሚችል በይፋ ያስተምራል፤ ፕሮቴስታንቱ መጽሐፉን ከሁሉ በላይ ዳኛ ያደርጋል። የመጽሐፉ ቁጥር እንኳ ይለያያል፤ በአገራችን ኦርቶዶክስ 81፣ በካቶሊክ 73፣ በፕሮቴስታንት 66 ነው። ስለዚህ «መጽሐፉ እውነት ነው፣ መጽሐፉ እንዲህ ይላልና» የሚል ሰው በክብ ውስጥ እየዞረ ነው፤ ሌላ መጽሐፍ ከሚያነብ ጎረቤት ጋር ግድግዳ ተጋርቶ በሚኖርባት ድሬዳዋ ደግሞ ይህ ክብ ቶሎ ይታወቃል። የተሻለው መልስ ሐዋርያው ጳውሎስ በአንደኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 15 የሰጠው ነው፤ ክርስቶስ ካልተነሣ ስብከታችን ከንቱ ነው ብሎ እምነቱን በታሪክ ውስጥ ሆነ ወይም አልሆነ በሚባል ነገር ላይ አቆመው። የምሥክሮቹን ቃል መመርመር የአንባቢው ፈንታ ነው።

እምነትና ሳይንስ ጠላት ናቸው ለሚለው፣ አጽናፈ ዓለሙ እየሰፋ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1927 ያሳየው ቤልጅጋዊው ለሜትር የካቶሊክ ቄስ እንደ ነበር ማስታወስ ይበቃል። ጠላት ሆነው አያውቁም ለሚለው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1633 ጋሊሌዮ መሬት በፀሐይ ዙሪያ ትዞራለች በማለቱ በቤተ ክርስቲያን ችሎት የተፈረደበትን ፍርድ ማስታወስ ይበቃል።

ወደ ስለቱ ልመለስ። ልጁ የታመመ ሁሉ ይሳላል፤ ስለቱ የሠመረለት ጥላና ሻማ ይዞ ቁልቢ ይመጣል፤ ያልሠመረለት አብዛኛውን ጊዜ ቤቱ ይቀራል፣ ታሪኩም አይነገርም። ስለዚህ በቁልቢ የሚሰማውን ምስክርነት ቆጥሮ «ስለት ይሠራል» ማለት የዕውቀት ስሕተት ነው፤ ክርስቲያንም ሆኜ ይህን እላለሁ። ነገር ግን ስለት ከመጀመሪያውም ሙከራ አልነበረም፤ በጭንቀት ሰዓት የተገባ ቃል ኪዳንና ከዚያ በኋላ የሚመለስ ምስጋና ነው። ምስጋናን በቤተ ሙከራ መስፈርት የሚለካ ሰው የተሳሳተ መሣሪያ ይዟል።

ስለ እሴት

ከሐረር ብዙም በማይርቀው ቢሲዲሞ፣ በጀርመን በጎ አድራጊዎች እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን የተቋቋመ ሆስፒታል አለ። የሁለቱን አተያዮች እሴት ለመመዘን ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

የሥጋ ደዌ ለሺህ ዓመታት የእርግማን ምልክት ተደርጎ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1873 ኖርዌያዊው ሐንሰን ባክቴሪያውን አገኘ፤ ዛሬ በሽታው በመድኃኒት ይድናል። እርግማኑን ከበሽተኛው ላይ ያነሣው የዘመናዊነት ዕውቀት ነው፤ ይህን መካድ ውለታ ቢስነት ነው። ግን ጥያቄው ከዚያ በፊት ይጀምራል። መድኃኒቱ ሳይገኝ፣ ጣቱ የረገፈውንና ማኅበረሰቡ ያባረረውን ሰው ማጠብ ለምን ተገባ? ስኮትላንዳዊው ፈላስፋ ሂዩም በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ «ነገሩ እንዲህ ነው» ከሚለው ብቻ «እንዲህ ሊደረግ ይገባል» የሚለው እንደማይወጣ አስተውሏል። ባክቴሪያው እንዴት እንደሚራባ ማወቅ በሽተኛው መታጠብ እንደሚገባው አይነግርም።

ዘመናዊነት ይህን ክፍተት በተለያየ መንገድ ለመሙላት ሞክሯል። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ቤንታም እ.ኤ.አ. በ1789 የብዙኃኑን ደስታ መለኪያ አደረገ፤ ካንት ሰውን እንደ መሣሪያ ብቻ መጠቀም አይገባም አለ። እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣው ዓለም አቀፍ የሰብአዊ መብቶች መግለጫም የሰው ልጅ ሁሉ በክብርና በመብት እኩል ሆኖ እንደሚወለድ ይናገራል፤ ክብሩ ከየት እንደ መጣ ግን ሳይናገር ያልፋል። የካንት መንገድ ጠንካራ ነው፤ በእርሱ የሚኖሩ፣ ሃይማኖት የሌላቸውና ከብዙ አማኝ የሚሻሉ ሐኪሞች አሉ። የብዙኃን ጥቅም ብቻውን ሲነግሥ ምን እንደሚያስከትል ግን በቀይ ሽብር ዘመን አይተናል።

ክርስትና መልሱን ከዘፍጥረት ይጀምራል፤ ሰው በእግዚአብሔር አርአያና አምሳል ተፈጥሯልና ክብሩ በጤናው፣ በጥቅሙ ወይም በብዙኃን ድምፅ አይለካም። በእኔ ሚዛን ክርስትና ብልጫ የሚያሳየው እዚህ ላይ ነው። ይህን ስል ግን ፍትሐ ነገሥቱ ባርነትን እየገደበም ቢሆን እንደ ተቀበለ፣ ባርነት በአዋጅ የተሻረው ገና በ1934 ዓ.ም. መሆኑን፣ የአናጺውን ልጅ የሚያመልክ ሕዝብ ሸማኔውን፣ ሸክላ ሠሪዋንና ቀጥቃጩን «ቡዳ» እያለ መኖሩን እያስታወስኩ ነው። ትምህርቱ ነበረ፤ ዓይናችንን ለመግለጥ ብዙ ጊዜ የውጭ ሰው ጥያቄ አስፈልጎናል።

በአጭሩ ሲታይ

| መመዘኛ | ዘመናዊነት | ክርስትና |
|---|---|---|
| የመጨረሻው እውነታ | ተፈጥሮና ሕጓ፤ በጽኑው መልክ ቁስ አካል ብቻ | ፈጣሪ፤ ዓለም መልካም ግን የወደቀ ፍጥረት |
| የዕውቀት ምንጭ | አመክንዮና ሙከራ | መገለጥ፣ ትውፊት፣ አእምሮ (እንደየቤተ ክርስቲያኑ) |
| የእሴት መሠረት | ጥቅም፣ ስምምነት ወይም የአእምሮ ሕግ | አርአያ ሥላሴ፣ የፍቅር ትእዛዝ |
| የሚበረታበት | «እንዴት ሆነ?» | «ሰው ለምን ይከበራል?» |
| የሚከብደው | ግዴታ ከየት ይመጣል? | አምላክ ለምን ዝም አለ? |
| በክፉ ቀን | ሥራ ይሰጣል፣ ትርጉም አይሰጥም | ተስፋ ይሰጣል፣ ሁሉን አያስረዳም |
| ዋጋው | የራስን ሕይወት ትርጉም ብቻን መሸከም | መታዘዝ፣ ጾም፣ ማኅበር፣ ይቅርታ |

ለማን የትኛው?

የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ከሆኑ፣ ክርስትናን ቢመርጡ ከቤተ ሙከራ የሚያስወጣዎ ነገር የለም። ከመምህርዎ አንድ ነገር ሲሰሙ ግኝት ነው ወይስ በግኝቱ ላይ የተጨመረ ፍልስፍና የሚለውን ብቻ ይለዩ። በሙከራ ያልተረጋገጠን ነገር በጭራሽ አልቀበልም የሚሉ ከሆነ ደግሞ ዘመናዊነትን ይያዙ፤ ይሁንና ለሰው ክብር የሚቆሙበትን ምክንያት ከወዲሁ ያዘጋጁ፤ አንድ ቀን ይጠየቃሉና።

ሐዘን ላይ ያለ ሰው አሁን አይምረጥ። ለቀስተኛው ይምጣ፣ ቡናው ይፈላ፣ ክርክሩ ይቆይ።

አቅምዎና ጊዜዎ ውስን ከሆነ፣ ዋጋውን በትክክል ይቁጠሩ። ኦርቶዶክስ ምእመን በዓመት ከ180 ቀን በላይ ይጾማል፤ የዘመናዊነት ተከታይ ጾም የለበትም፣ በታመመ ጊዜ አልጋው አጠገብ የሚቆም የጽዋ ማኅበርም የለውም። ለመጀመሪያው ምርመራ ብዙ መጻሕፍት አያስፈልጉም፤ የሉቃስ ወንጌል በአንድ ከሰዓት በኋላ ያልቃል፣ ከዚያ የማያምን አንድ ሐቀኛ ወዳጅ ፈልገው ምዕራፍ 13ን ከእርሱ ጋር ያንብቡ።

«ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» በሚለው የሚኖረው ሰው በከተማችን ምናልባት ከሁሉ ይበዛል፤ በሥራ ቀን ቁስ አካላዊ፣ በእሑድ አማኝ ነው። መድኃኒትና ጸሎትን አብሮ መያዝ ነውር የለበትም፤ ከላይ እንዳልኩት ክርስትና ሁለቱን ይይዛል። አስቸጋሪው እሴትን ሲመርጡ እንደዚሁ ማድረግ ነው፤ በንግዱ ትርፍ ብቻ፣ በቤተ ክርስቲያን ምጽዋት ብቻ የሚል ሰው ሁለቱንም ባላ ሰብሯል።

እንደ መግቢያችን እናትና ልጅ በአንድ ጣሪያ ሥር ለሚከራከሩ ቤተሰቦች የምመክረው፣ «ማን አዳነው?» የሚለውን ትተው ሁለቱም አንድ ጥያቄ እንዲመልሱ ነው፤ ሕፃኑ ባይድን ኖሮስ? እናት «ያኔም እግዚአብሔር አይተወኝም ነበር» ካለች እምነቷ ከስለቱ ውጤት ይሰፋል ማለት ነው፤ «እንግዲያ ቁልቢን አልረግጥም ነበር» ካለች ግን ከልጇ ይልቅ እርሷ የሳይንስ መንገድ ይዛለች፤ የሠራውን ታስቀራለች፣ ያልሠራውን ትጥላለች። ልጁም «ያኔም ወንድሜን እስከ መጨረሻው አስታምመው ነበር» ማለቱ አይቀርም። ለምን እንደ ሆነ ይጠይቁት፤ መልሱንም ሳይቸኩሉ ይስሙ። እስከዚያው ግን የታዘዘው መድኃኒት በሰዓቱ ይሰጥ፣ የተሳለችውም ጥላ ይገዛ።